እድር «አንቺን አንቀበልም» ማለት ይችላል?

የጀበና_ልጅ (ጥቅምት 3፣ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ነገሩ ሆዴን ቢበላኝ ጻፍኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ጎንደር ማራኪ በኩል ትንሽ ቤት ገዝተን ገባን። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። እኔ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሰፈሩ ደስ ይላል። ቡና እንጠራራለን። ለቅሶ ሲሆን እንደርሳለን። አምና ከጀርባችን ያሉ አባት ሲያርፉ ባለቤቴ የድንኳን ካስማ ሲመታ ነው ያመሸው። እኔም ሽንኩርት ስልጥ ዓይኔ አብጦ ነበር። ማንም «አንቺ ተነሺ» አላለኝም።

እድር እንግባ ብለን ጸሐፊው ዘንድ ሄድን። ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የቤተሰብ ዝርዝር፣ የመግቢያ ገንዘብ። ሁሉንም አዘጋጀን። «ኮሚቴው ያየዋል» ተባልን። ወር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ከዚያ «እድሩ ሞልቷል» ተባለ። እሺ ብለን ዝም አልን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከፊት ለፊታችን ቤት የተከራየ ሰውዬ አባል ሆነ። ሻንጣውን እንኳ ፈቶ አልጨረሰም።

ባለቤቴ ሄዶ ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎን ሳብ አድርገው «አንተን የሚጠላ የለም ልጄ። የሚስትህን እናት ግን ሰዉ ያውቃታል» አሉት።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ቅዳሜ ገበያ ጀበናና ምጣድ ዘርግታ ነው አምስት ልጅ ያሳደገችው። አሁንም ትሠራለች። ጀበናውን ከመተኮሷ በፊት በወንዝ ጠጠር ስታሸው ማየት እወዳለሁ፤ መስታወት ይመስላል። ጠጠሯ አንድ ናት። ከአያቴ የወረሰቻት።

«ጠይብ» የሚል ቃል ማንም አልተነፈሰም። መተንፈስም አያስፈልገውም። የጎንደር ሰው ይገባዋል። ግን ያ ሁሉ ሰው ቡናውን የሚጠጣው በማን ጀበና ነው?

ጥያቄዬ አንድ ነው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «እድር የግል ማኅበር ነው፣ የፈለገውን ይመርጣል» ይለኛል። እውነት ነው? ወይስ ደፍሮ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው?

ቀሃ_ዳር

አይዞሽ እህቴ። እኔ ብሆን ግን አልለምናቸውም። ጎንደር ውስጥ እድር ጠፍቶ ነው? የመሥሪያ ቤት አለ፣ የሴቶች አለ፣ ሰንበቴ አለ። ባለቤትሽም በሥራው በኩል አያጣም። የማይወድሽ ሰው ሬሳሽን ቢሸከም ምን ይጠቅምሻል?

ጃንተከል_ሥር

ስድብ እንደሚመጣ ስለማውቅ አስቀድሜ ልናገር። በደሉን አልደግፍም። ሰው በእናቱ ሙያ ሲገፋ ነውር ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ነውር የሆነ ሁሉ በሕግ ይከልከል ወይ?

ማኅበር ማለት መምረጥ ነው። አባቴ የሚካኤል ጽዋ ነበራቸው፤ 12 ሰዎች። አንዱ ሲሞት ምትኩን ለመምረጥ ዓመት ይፈጅባቸው ነበር። «እገሌ አፉ አይጠበቅም። እገሌ ሁለት ጣሳ ሲጠጣ ይጣላል።» ቀበሌ መጥቶ «ይህን ሰው አስገቡ» ቢላቸው ጽዋው በማግስቱ ይፈርሳል። አብሮ መጠጣት በመመሪያ አይሆንማ።

ደርግን ያየ ሰው በግድ መደራጀት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የወጣት ማኅበር፣ የሴቶች ማኅበር፣ የገበሬ ማኅበር። የመደራጀት መብት ዋጋው ያኔ ነው የገባን። መንግሥት ዛሬ «ይህችን ሴት አስገቡ» ካለ፣ ነገ «የእድሩን የባንክ ደብተር አምጡ» ይላል። ከነገ ወዲያ ሊቀመንበሩን እሱ ይሾማል። ለእህታችን አዝናለሁ። እድርን ለካድሬ አሳልፎ መስጠት ግን መፍትሔ አይመስለኝም።

መዝገብ_ያዥ

ጥብቅና ላይ ነኝ፤ አንዳንድ ነገር ላጥራ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት አለው ይላል። «ለማንኛውም ዓላማ» ትልቅ ቃል ነው። አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፣ ያለ ልዩነት እኩል ጥበቃ ያገኛል ይላል። ልዩነት ከማይደረግባቸው ምክንያቶች ውስጥ ዘር፣ ጾታና ሃይማኖት ብቻ አይደሉም ያሉት። «ማኅበራዊ አመጣጥ» እና «ትውልድ» ተብሎም ተጽፏል። የጀበና ልጅ፣ ያንቺ ነገር ቁጭ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን አስቸጋሪው። አንቀጽ 13 እነዚህን መብቶች የማክበር ግዴታ የሚጥለው በየደረጃው ባሉ ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኝነት አካላት ላይ ነው። እድር ከሦስቱም አይደለም። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ፋይሉን ዘግተው ቡና ይጠጣሉ። እኔ አልዘጋውም። አንቀጽ 9 ንዑስ 2ን አንብቡት። ሕገ መንግሥቱን የማስከበርና ለሱ ተገዢ የመሆን ኃላፊነት ያለባቸውን ሲዘረዝር ዜጎችን፣ የመንግሥት አካላትን፣ የፖለቲካ ድርጅቶችን ጠርቶ «ሌሎች ማኅበራት» ይላል። ንዑስ 1 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት የለውም ይላል። «ከድሮም እንዲህ ነው የምናደርገው» የሚለው መልስ እዚህ ጋ ይሰናከላል።

የሲቪል ማኅበራት አዋጅ 1113/2011ን የምትጠቅሱ ካላችሁ፣ እሱ አይሠራም። እድርና እቁብን በግልጽ ከራሱ ውጭ አድርጓቸዋል። ከሱ በፊት የነበረው 621/2001ም እንደዚያው ነበር። የሚቀረን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ስለ ማኅበራት ከቁጥር 404 ጀምሮ ይናገራል። አሠሪ በሠራተኛው ላይ እንዳያዳላ የሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በቀጥታ ይከለክለዋል። ለማኅበር እንደዚያ ቁልጭ ያለ ሕግ የለንም።

እና መልሴ? የሚያከራክር ጉዳይ አለሽ። ትረቻለሽ ብዬ ግን አልፈርምልሽም።

የአዲስ_ዓለም_ልጅ

እኔ ሙስሊም ነኝ። የኛ ሰፈር የቀብር ማኅበር የሙስሊሞች ነው። ክርስቲያን ጎረቤቴ አባል ልሁን ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ ቢጠይቅም ሰው ይገረማል እንጂ አይቆጣም። ከፈን አለ፣ ትጥበት አለ፣ ሶላት አለ። እነሱ ደግሞ ፍትሐት አላቸው። ይህን «አድሎ» የሚል ሰው ካለ አልገባውም። ሃይማኖቱን የሚፈጽምበት ማኅበር መያዝ መብቱ ነው።

ግን ይህ ወደ ሌላ ነገር እንዳይጎተት። ሰፈራችን ራሱ እንዴት እንደተመሠረተ ታውቃላችሁ። በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ይኑሩ ተብሎ ነው ወደ ታች የወረድነው። ያኔም «ለየብቻ መሆኑ ለሁሉም ይሻላል» ተብሎ ይሆናል። ራሴን ለይቼ ከመሰሎቼ ጋር ብሰበሰብ አንድ ነገር ነው። ሌላው አውጥቶኝ «በል ከመሰሎችህ ጋር ተሰብሰብ» ቢለኝ ሌላ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ይመስላል፤ እዚያም አንድ ቡድን፣ እዚህም አንድ ቡድን።

እህታችን እኮ ሃይማኖቷ የነሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የነሱ ነው። ቀብሯም እዚያው ነው። ለእድሩ ሥራ የሚጎድላት ነገር የለም። ደሟ ብቻ ነው የተጠላው።

(አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ የሚሠራበት ቦታ የነበረው እድር ሁለታችንንም የያዘ ነበር። ድስቱ ለየብቻ፣ ድንኳኑ አንድ። ማንም አልሞተም። ማለቴ፣ በዚህ ምክንያት።)

አወያይ

ሁለት መልእክት ሰርዣለሁ። በሰው ዘርና በብሔር ላይ ስድብ እዚህ አይጻፍም። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ለቀልድም ቢሆን አልፈቅድም። ቀጥሉ።

ባለ_ጠመኔ

ታሪክ አስተምራለሁ፤ ታገሱኝ።

ይህ ነገር ከሰማይ አልወረደም። በዚህ አገር መሬት ያለው ሰው የተከበረ ነበር። ቤተ እስራኤሎች (የኛው አገር አይሁዶች) ርስት ተነፈጉ፤ ስለዚህ እጃቸው ላይ ያለውን ያዙ። ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ግንብ ገነቡ። የጎንደር ነገሥታት ሲያሠሩ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል እነሱ ነበሩበት። ፋሲል ግቢን ለፈረንጅ ስናስጎበኝ ደረታችን ይነፋል። የገንቢውን የልጅ ልጅ ግን ገበታ ላይ አናስቀርብም። መጀመሪያ ርስት ተከልክሎ ወደ እጅ ሥራ ተገፋ፤ ከዚያ «እጅ ሥራ የሚሠራ ነውና ርስት አይገባውም» ተባለ። ክቡ የተዘጋው እንዲህ ነው። ሸማኔውም ፋቂውም፣ ክርስቲያን ቢሆንም፣ የዚያው ዕጣ ደርሶበታል።

አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። መንደራቸው ወለቃ ቀረ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ መውጫ ላይ መንገድ ዳር ጥቋቁር የሸክላ አንበሶች ተደርድረው ታያላችሁ። ሰዎቹ ሄደው ስሙ ቀረ፤ ስሙ ደግሞ ያገኘው ላይ ይለጠፋል።

እና ለጃንተከል፣ መንግሥት በዚህ ነገር ሲናገር ያንተ ካድሬ የመጀመሪያው አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ጠይብ፣ ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ ብለው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጅ ብቻውን ይበቃል የሚል ካለ ይህን ይይልኝ። አዋጅ አያስፈልግም የሚልም ያስብበት፤ ያ አዋጅ ባይነገር ዛሬ የት እንሆን ነበር?

ሊድስ_ብርድ

እኔ ያለሁበት አገር፣ እንግሊዝ፣ ይህን በቁጥር ፈትተውታል፤ ለጨዋታው ልንገራችሁ። የ2010ሩ (በነሱ) የእኩልነት ሕጋቸው 25 እና ከዚያ በላይ አባል ያለው፣ አባል የሚቀበልበት ደንብ ያለው ማኅበር በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት አመልካች እንዳይመልስ ይከለክላል። ከ25 በታች ከሆናችሁ ሕጉ ቤታችሁ አይገባም። ለአንድ ወገን የተቋቋመ ማኅበርም ይፈቀዳል፤ የአንድ አገር ሰዎች፣ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች፣ የሴቶች። በቆዳ ቀለም ብቻ ግን አይቻልም።

የጃንተከል አባት ጽዋ 12 ሰው ነው፤ ሰላም ይጠጣል። 200 አባወራ ያለው እድር ግን ጽዋ ነኝ ማለት አይችልም። ደስ የሚለኝ ነገሩን ከስሜት ማውጣታቸው ነው። ለምን 25? ለምን 24 አይሆንም? እሱን እነሱ ይወቁ።

ጃንተከል_ሥር

ጥሩ ነጥብ ነው፤ እቀበላለሁ። 200 አባወራ ጽዋ አይደለም። ግን ያ አገር ፍርድ ቤቱ ይሠራል። ሕግ ከመጻፉ በፊት ማን እንደሚያስፈጽመው ልይ እላለሁ እኔ።

ሦስተኛ_ፈረቃ

ሜሪላንድ ነኝ፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። አሜሪካኖች በ1984 (በነሱ) አንድ ትልቅ ክርክር ነበራቸው። ጄይሲስ የሚባል የወጣት ወንዶች ማኅበር አለ። ሙሉ አባልነት ከ18 እስከ 35 ዓመት ላሉ ወንዶች ብቻ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ቅርንጫፎች ሴት አስገቡ። ዋናው ማኅበር ፈቃዳችሁን እነጥቃለሁ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ ማኅበራችሁ ትልቅ ነው፣ ዕድሜና ጾታ ካልሆነ ማንንም አትመርጡም፣ የቤተሰብ ያህል የጠበቀ ነገር የላችሁም፣ ስለዚህ ግዛቱ ሴት ተቀበሉ ሊላችሁ ይችላል አሉ።

ከዚያ በፊት ግን በ1958 ያው ፍርድ ቤት ሌላ ነገር ብሏል። አላባማ ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ማኅበር የአባላት ስም ዝርዝር አምጣ አለችው። ስሙ ቢወጣ ሰዎቹ ከሥራ ይባረራሉ፣ ይደበደባሉ። ፍርድ ቤቱ አይሰጥም አለ። የመደራጀት መብት ያዳነው ደካማውን ነው። ለዚህ ነው ጃንተከል የሚፈራው ነገር የሚገባኝ። ያ መብት የጉልበተኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ እድሩን ለማስገደድ የምንይዘው ዱላ ነገ የሸክላ ሠሪዎቹን ማኅበር ይመታበታል።

ግን እህቴ፣ ጄይሲስ ሰው አይቀብርም ነበር። ያለ ጄይሲስ መኖር ይቻላል። ጎንደር ውስጥ ያለ እድር መሞት ግን... ተሳፋሪ መጣ፣ ቻው።

የጡሩንባው_ሰው

ልጄ አስተምራኝ ነው የምጽፈው፤ ስህተት ካለ እለፉኝ። 19 ዓመት የእድር ጸሐፊ ነበርኩ። የት እንደሆነ አልናገርም።

ስለ ሕጉ እናንተ አውሩ። እኔ ዕቃ ቤት ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። ደንባችን ላይ ስለ ሙያ አንድ ቃል የለም። ስለ ቀሪ ቅጣት አለ፣ ድንኳን አቃጥሎ ስለሚመልስ አለ፣ ብረት ድስት ስለሚያስቀር አለ። ስለ ጠይብ የለም። ማንም አይጽፈውም። «ሞልቷል» ይባላል። «መታወቂያው የሌላ ቀበሌ ነው» ይባላል። «ኮሚቴው አልተሟላም» ይባላል። እኔም ብያለሁ። በዚህ እጄ ጽፌያለሁ።

እና ሰው የሚፈራው አባልነቷን እንዳይመስላችሁ። ገንዘቧን ይቀበላል። ባሏ ሬሳ ቢሸከም ደስ ይለዋል። የሚፈራው ተራ ደርሷት ወጥ ስትሠራ ነው። ኮሚቴ ውስጥ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ይኸው ነው። «ሴቶቹ አይበሉም» ይላሉ ወንዶቹ። ሴቶቹን ስትጠይቅ «ወንዶቹ አይበሉም» ይሉሃል።

አንድ ቀጥቃጭ ነበሩ በሰፈራችን። ማረሻ፣ ምሳር፣ የበር ማጠፊያ ይሠራሉ። የእድራችን ዕቃ ቤት በር ማጠፊያ የሳቸው ነው፤ እስካሁን አልላላም። አንድ ማለዳ ሞቱ። እድር የላቸውም። ጡሩንባው የኔ ቤት ነው ያለው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አልተነፋም። ወንዶች ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ቃሬዛ ደግሞ አራት ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር፣ መንገድ ላይ አቁሞ የወረደ። አራተኛው ማን እንደነበረ አላየሁም። በመስኮት ነበር የማየው።

ለምን አልወጣህም ብትሉኝ መልስ የለኝም። ጡሩንባውን አይቼ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ ይህን ስሚኝ። በቃል አትጠይቂ። በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ስጡኝ በይ። «ሞልቷል» ብሎ የሚናገር ኮሚቴ «ሞልቷል» ብሎ ማኅተም አያሳርፍም፤ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ያጋልጠዋል። ኮሚቴው እንቢ ካለ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይነበብልኝ በይ። ኮሚቴ ውስጥ ሰባት ሰው ያንሾካሹካል። 200 ሰው ፊት ቆሞ «እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት» የሚል ወንድ ግን እስካሁን አላየሁም።

ቀሃ_ዳር

ጋሼ፣ አንቱ ከጻፉት በኋላ «ሌላ እድር ግቢ» ማለቴ አሳፈረኝ። ይቅርታ እህቴ።

የጀበና_ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብለት የወጡ ጋ ስደርስ ድምፄ ቆመ።

ሽንኩርት ልጬ አምሽቻለሁ ብዬ ጽፌ ነበር። እውነት ነው። ግን ድስት ነክቼ አላውቅም። ሁልጊዜ «አንቺ ደክሞሻል፣ ሥራ ውለሽ ነው የመጣሽው፣ ተይው» ይሉኝ ነበር። የተላጠ ሽንኩርት ይታጠባላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ።

የአዘዞዋ

ስለ እድር ከተነሳ እኔም የሆዴን ልተንፍስ። ባሌ አባል፣ እኔ «ቤተሰብ» ነበርኩ። 11 ዓመት ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሙ መዝገብ ላይ ያለው የሱ ነው። ስንፋታ እድሩ ከሱ ጋር ሄደ። እኔ ከዜሮ መግቢያ ክፈይ ተባልኩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። «ደንቡ ነው» ብቻ።

አሁን በሴቶች እድር ውስጥ ነኝ። ወንድ አንቀበልም። ለመዝገብ ያዥ ጥያቄ አለኝ፤ እኛም በጾታ አዳላን ማለት ነው? ብትዘጉን እንዋጋለን።

መዝገብ_ያዥ

እትዬ፣ የሚዘጋችሁ የለም። እኔ ዳኛ ብሆን ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። አንደኛ፣ የተመለሰው ሰው ምን ይቀርበታል? ወንዱ ከእናንተ እድር ቢቀር በየሰፈሩ በስሙ የተጻፈ እድር አለው፤ እርስዎም እኮ ያን ስላጡ ነው ይህን የመሠረቱት። ሁለተኛ፣ የተመለሰበት ምክንያት ከማኅበሩ ሥራ ጋር ይገናኛል ወይ? የአዲስ ዓለሙ ወንድሜ ማኅበር ሶላትና ከፈን አለው፤ ሃይማኖት መጠየቁ ከሥራው ይወጣል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ ለአማኞች በሃይማኖታቸው የሚደራጁበት ቦታ ይሰጣል። የእናት ሸክላ መሥራት ግን ድንኳን ከመትከል ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጃንተከልም አንድ ነገር ልክ ነው። ፍርድ ቤት «አስገቡ» ብሎ ቢወስን እንኳ እሷ የሠራችውን ወጥ ብሉ ብሎ አይወስንም።

የጀበና ልጅ፣ የጋሼን ምክር ተከተይ። ከክስ በፊት ያቺ የተጻፈች መልስ ናት የምታስፈልገው። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል። ጠበቃ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ክፍያ አልጠይቅም።

ጃንተከል_ሥር

እስቲ እኔም እውነቱን ልናገር። የጋሼን ካነበብኩ ወዲህ የራሴን እድር መዝገብ አየሁ፤ ምክትል ሰብሳቢ ነኝ። «ሞልቷል» የተባሉ አራት ናቸው በአምስት ዓመት። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ። እድሩ ሞልቶ አያውቅም።

መንግሥት እንዲገባ አሁንም አልፈልግም። እንዳይገባ ከፈለግን ግን መዝገባችን እንዲህ ሆኖ መገኘት አልነበረበትም።

የጀበና_ልጅ (ጥቅምት 29)

ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ ነው የተመለስኩት።

ደብዳቤውን ጻፍን። አንድ ገጽ፣ ያለ ስድብ፣ ያለ አንቀጽ ቁጥር። ጸሐፊው ተቀበለ፤ ቅጂው ላይ ፈርምልኝ ብንለው ግን «ብዕር አልያዝኩም» አለ። ባለቤቴ ብዕር አወጣ። «መነጽሬን ረስቻለሁ» አለ። ከጎረቤት አንድ ወጣት ምስክር ሆኖ ፈረመልን። ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር መጨረሻ እሑድ ነው። ይነበባል፣ አይነበብም፣ አላውቅም።

በቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ የእናት ሥራ የሚል ቦታ አለ። አንዲት ጓደኛዬ «ነጋዴ ብለሽ ጻፊ፣ ውሸትም አይደል፣ ትሸጣለች» ብላኝ ነበር። ከእናቴ ጋር ተነጋገርን። ጭቃ እያሸች ነበር። ቀና ሳትል «ምጣዱን ማን ሠራው ቢሉሽ ነጋዴ ልትያቸው ነው?» አለችኝ። ሸክላ ሠሪ ብዬ ጻፍኩ።

ትናንት ማታ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ሄድኩ። መክተፊያው ጋ ልቀመጥ ስል የሟቿ እህት፣ ከደብረ ታቦር ነው አሉ የመጣችው፣ ማማሰያውን እጄ ላይ አስቀምጣ «እስቲ ይህን እዪልኝ፣ እኔ ልውጣ» ብላ ወደ ድንኳኑ ሄደች። እንግዳ ናት፣ አታውቅም። ዙሪያዬ ያሉት ያውቃሉ። ማንም አልተናገረም። ወጡን አማሰልኩት። ጨው ጎድሎት ነበር፣ ጨመርኩ።

ሲቀርብ ሁለት ሴቶች ሳይበሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አንደኛዋ ሁልጊዜ ቡና የምትጠራኝ ናት። ሌሎቹ በሉ። ስንት እንደሆኑ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አሥራ አራት ናቸው።